የተሰረጎደ ቱቦ፣ የጎደለ ዋጋ
የአሮጌ ብስክሌት ቴላዮ ማስጠገን የሚያዋጣው መቼ ነው?

በአዲስ አበባ ያገለገለ መኪና የሚያገበያይ ደላላ «ግጭት የለበትም» የምትለዋ ቃል ስንት ብር እንደምታወጣ ጠንቅቆ ያውቃል። ገዢው በጣቱ አንኳኩቶ የስቱኮ ድምፅ ከሰማ ዋጋው ወዲያው ይወርዳል። ይኸው ሕግ በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በጃፓን በሚካሄደው የአሮጌ ብስክሌት ገበያም ይሠራል። ልዩነቱ እዚያ የሚንኳኳው ላሜራ ሳይሆን፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር የሳሳ የአረብ ብረት ቱቦ መሆኑ ነው።

በዚህ ገበያ ከአርባና ከሃምሳ ዓመት በፊት የተሠራ የውድድር ብስክሌት ከአዲስ ብስክሌት በላይ ሊሸጥ ይችላል። ጎማው ቢበላ ይቀየራል፤ ካቴናው ቢዝግ ይቀየራል፤ ቸርኬው ቢጣመም ይቃናል። ቴላዮው ግን ብስክሌቱ ራሱ ነው። የሠሪው ስም፣ ቁጥሩና የመጀመሪያው ቀለም ያሉት እሱ ላይ ነው። ስለዚህም በላይኛው ቱቦ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ስርጉዳት ስትገኝ ድርድሩ እንደገና ከሀ ይጀምራል። ሻጩ «ይጠገናል» ይላል። ገዢው ደግሞ «ታዲያ ማን ይከፍላል?» ሲል ይጠይቃል።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱ ግን ቱቦው ከምን እንደተሠራ፣ ጉዳቱ የት ቦታ ላይ እንዳረፈና ጠጋኙ በምን ዓይነት እሳት እንደሚሠራ ሳይታወቅ አይገኝም።

ገበያው ከየት መጣ?

ከ1980ዎቹ መጨረሻ በኋላ የውድድር ብስክሌት አምራቾች ከአረብ ብረት ወደ አሉሚኒየምና ወደ ካርቦን ፋይበር ማዘንበላቸው ይታወቃል። አሮጌው የብረት ቴላዮ ለጊዜው ዋጋ አጣ። ብዙዎቹ ምድር ቤትና ጋራዥ ውስጥ ተጥለው ቀሩ።

ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1997 በጣሊያን ቶስካና፣ ጋዮሌ ኢን ኪያንቲ በምትባል አነስተኛ ከተማ «ሌሮይካ» የተሰኘ የጠጠር መንገድ የብስክሌት ጉዞ ተጀመረ። ደንቡ የሚጠይቀው እስከ 1987 ድረስ የተሠራ ዓይነት ብስክሌት ነው። የማርሽ መቀየሪያው ሰያፉ ቱቦ ላይ የተገጠመ፣ የፍሬን ሽቦው ከመሪው ውጭ የሚታይ፣ ፔዳሉም የእግር ማሰሪያ ያለው መሆን አለበት። ጉዞው በኋላ ወደ ብሪታንያ፣ ወደ ጃፓንና ወደ ካሊፎርኒያ ተዛመተ። አሮጌ ብስክሌት የሚፈልግ ሰው በዛ፤ ዕቃው ግን አይመረትም። ፍላጎት ሲጨምር አቅርቦቱ እንዳለ ከቆመ ዋጋ ወዴት እንደሚሄድ ለነጋዴ አይነገርም።

ስምም የራሱን ዋጋ ይጠራል። ቤልጂጋዊው ኤዲ መርክስ እ.ኤ.አ. በ1972 በሜክሲኮ ሲቲ በአንድ ሰዓት 49 ኪሎ ሜትር ከ431 ሜትር ሲጓዝ የተቀመጠው ጣሊያናዊው ኤርኔስቶ ኮልናጎ በሠራው ብስክሌት ላይ ነበር። ኮልናጎ፣ ማዚ፣ ዴ ሮዛ፣ ቺኔሊ፣ ቢያንኪ የሚሉት ስሞች ዛሬም ዋጋ የሚያስጨምሩት እንዲህ ያለ ታሪክ ስላላቸው ነው።

ዋጋው ያለው ቱቦው ውስጥ ነው

ሁለት ብስክሌቶች ከሩቅ ሲታዩ አንድ ዓይነት ሊመስሉ ይችላሉ። አንደኛው ከተራ የውሃ ቱቦ መሰል ብረት፣ ሌላኛው ከልዩ አረብ ብረት የተሠራ ሊሆን ይችላል። በገበያው ሁለት የቱቦ ስሞች ከሁሉም በላይ ይጠራሉ። አንዱ የእንግሊዝ በርሚንግሃሙ ሬይኖልድስ፣ ሌላው የጣሊያን ሚላኑ ኮሎምቡስ ነው።

አልፍሬድ ሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ1897 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ዘዴ ለዚህ ሁሉ መነሻ ነው። ይኸውም ቱቦው ከውጭ ሲታይ ወጥ ሆኖ፣ ከውስጥ ግን ጫፍና ጫፉ ወፍራም፣ መሐሉ ስስ እንዲሆን ማድረግ ነው። ጫፉ ወፍራም የሚሆነው ብየዳውና ጭነቱ ያለው እዚያ ስለሆነ ነው። መሐሉ የሚሳሳው ክብደት ለመቀነስ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1935 ማንጋኒዝና ሞሊብዲነም የተቀላቀለበትን «531» የተባለ ቱቦ ለገበያ አቀረበ። ቱቦው ለአሥርተ ዓመታት የውድድር ብስክሌት መለኪያ ሆኖ ቆይቷል። የኮሎምቡስ «ኤስ ኤል» የተባለው ቱቦ ደግሞ ጫፉ ላይ 0.9፣ መሐሉ ላይ 0.6 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው።

0.6 ሚሊ ሜትር ማለት ከጥቂት ወረቀቶች ድርብ የማይበልጥ ነው። ብስክሌቱ ሲወድቅ መሪው ዞሮ የላይኛውን ቱቦ ቢመታው፣ ወይም ቱቦው ከብረት አጥር ጋር ቢላተም መሐሉ ላይ የሚሰረጎደው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ብስክሌቱን ውድ የሚያደርገው ስስነት፣ በቀላሉ እንዲጎዳ የሚያደርገውም እሱ ራሱ ነው።

የቱቦውን ዓይነት የሚናገረው ወረቀት ወይም ምልክት ከጠፋ ነጋዴዎች የሚጠቀሙበት አንድ መላ አለ። ኮርቻው የቆመበትን ዘንግ አውጥተው ውፍረቱን ይለካሉ። በእንግሊዝና በጣሊያን መለኪያ በተሠሩ ቴላዮዎች 27.2 ሚሊ ሜትር ዘንግ የሚቀበል ቱቦ ግድግዳው ስስ ነው ማለት ነው፤ ብዙውን ጊዜም ከጥሩዎቹ ወገን ይሆናል። ዘንጉ ወደ 26 ወይም ወደ 25 ሚሊ ሜትር ከወረደ፣ ቱቦው ወፍራምና ርካሽ የመሆን ዕድሉ ይሰፋል። የፈረንሳይ ብስክሌቶች የቱቦ መለኪያቸው ስለሚለይ ይህ ስሌት በቀጥታ አይሠራባቸውም።

ጉዳት ሁሉ አንድ አይደለም

ልምድ ያለው ገዢ የቱቦ ጉዳትን በአራት ይከፍላል።

የመጀመሪያው ስርጉዳት ነው። መሐል ላይ ያለ፣ ጠርዙ ያልሾለና ያልተሰነጠቀ ትንሽ ስርጉዳት ብዙውን ጊዜ መልክ ያበላሻል እንጂ ብስክሌቱን አይጥልም። ጥልቅና ስለታም ጠርዝ ያለው ከሆነ ግን ጭነት ሲደጋገም ስንጥቅ ሊያስጀምር ይችላል።

ሁለተኛው ሽብሽባት ነው። ብስክሌቱ ፊት ለፊት ከግድግዳ ወይም ከመኪና ጋር ሲጋጭ ፎርኬታው ወደ ኋላ ይገፋል፤ ከመሪው ቱቦ ጀርባ ባሉት በላይኛውና በሰያፉ ቱቦ የታችኛው ወገን ላይ ትንሽ እብጠት ወይም እጥፋት ይፈጠራል። ዓይን ላያየው ይችላል፤ ጣት ግን ያገኘዋል። እዚያ ቦታ ላይ ቀለም ተሰንጥቆ ከታየም ምልክት ነው። ይህ ጉዳት የመልክ ጉዳይ አይደለም። ቱቦው በቁልቁለት ላይ ቢሰበር መሪውና የፊት ጎማው ከተቀረው አካል ይለያሉ፤ የጋላቢው ሕይወት ለአደጋ ይጋለጣል።

ሦስተኛው ስንጥቅ ነው። በብዛት የሚገኘው ቱቦው ወደ መጋጠሚያው በሚገባበት ጠርዝ ላይ፣ እንዲሁም በፔዳሉ ማዕከል አካባቢ ነው። ስንጥቅ በራሱ አይቆምም፤ ቀስ በቀስ ያድጋል።

አራተኛው የውስጥ ዝገት ነው። ዝናብ በኮርቻው ዘንግ በኩል ይገባና ወርዶ በፔዳሉ ማዕከል ይጠራቀማል። ከውጭ ቀለሙ የሚያንጸባርቅ ቴላዮ ከውስጥ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ጠንቃቃ ገዢ የፔዳሉ ማዕከል ተፈትቶ ውስጡ በባትሪ እንዲታይለት የሚጠይቀው።

ጥገናው እንዴት ይካሄዳል?

የመኪና ላሜራ ሠራተኛ ስርጉዳትን ከውስጥ በመዶሻ ገፍቶ ያወጣዋል። የብስክሌት ቱቦ ግን ጫፍና ጫፉ የተዘጋ ነው፤ የውስጡም ስፋት ጫፉ ላይ የጠበበ ስለሆነ ዘንግ ከትቶ መግፋት አይቻልም። ስለዚህ ጠጋኞች የሚሠሩት ከውጭ ነው። በቱቦው ልክ በትክክል የተቦረቦሩ ሁለት የብረት ግማሾች ቅባት ተቀብቶባቸው ቱቦውን ያቅፋሉ፤ በጊራቢት ይጠበቃሉ፤ ከዚያም ስርጉዳቱ ላይ ይሽከረከራሉ። በስርጉዳቱ ዙሪያ ያበጠው ጠርዝ ሲጨፈለቅ መሐሉ በመጠኑ ወደ ላይ ይመለሳል። ሙሉ በሙሉ ግን አይመለስም። የቀረው ጉድጓድ በቀለጠ ናስ ወይም በብር ቅይጥ ይሞላና ተሞርዶ ይለሰልሳል። ርካሹ መንገድ በስቱኮ መሙላት ነው። በማናቸውም መንገድ ቢሠራ የተነካው ቦታ አዲስ ቀለም ይፈልጋል።

ሽብሽባትና ስንጥቅ ሲሆን ግን መፍትሔው ቱቦውን አውጥቶ መቀየር ነው። በዚህ ረገድ የድሮ ቴላዮ ከዘመናዊው ይሻላል። ቱቦዎቹ እርስ በርስ ቀልጠው የተዋሐዱ ሳይሆን፣ እጅጌ በሚመስሉ መጋጠሚያዎች ውስጥ ገብተው በናስ ወይም በብር ቅይጥ የተያያዙ ናቸው። ናሱ ከ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ የብር ቅይጡ ደግሞ ከ700 ዲግሪ በታች ይቀልጣል። አረብ ብረት እስኪቀልጥ ከ1,400 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ መጋጠሚያውን አሙቆ ናሱን አቅልጦ የተጎዳውን ቱቦ ማውጣትና ሌላ መተካት ይቻላል።

ሥራው ደረጃ አለው። አሮጌው ቱቦ መሐል ላይ በመጋዝ ይቆረጣል፤ በመጋጠሚያዎቹ ውስጥ የቀረው ጉራጅ በእሳት እየሞቀ ይነቀላል ወይም በሞረድ ተበልቶ ያልቃል። የመጋጠሚያው ውስጥ ይጸዳል። አዲሱ ቱቦ ጫፉ የዓሣ አፍ መስሎ ይቆረጣል፤ ከጎረቤቱ ቱቦ ጋር ክፍተት ሳይተው መግጠም አለበት። ከዚያ ቴላዮው በመያዣ ላይ ታስሮ፣ ዱቄት መሰል ማጽጃ ተቀብቶ በኦክስጅን እሳት ይበየዳል። ሲበርድ መስመሩ ተለክቶ ይቃናል።

የትኛው ቱቦ እንደተጎዳም ሂሳቡን ይለውጠዋል። የላይኛው ቱቦ ሁለት መጋጠሚያ ብቻ ስላለው ቀላሉ ነው። ሰያፉ ቱቦ ከፔዳሉ ማዕከል ጋር ስለሚገናኝ፣ እሱን ለማውጣት የሚነደው እሳት አጠገቡ ያሉትን ሌሎች ብየዳዎች እንዳይፈታ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የኮርቻው ቱቦ ከሁሉም ይከብዳል፤ ላይም ታችም ብዙ ቱቦዎች ተሰብስበውበታል። መጋጠሚያው ክሮም የተቀባ ከሆነ ደግሞ እሳቱ ክሮሙን ስለሚያበላሽ ሌላ ወጪ ይከተላል።

በዚህ ላይ እሳቱ የበዛበት ስስ ቱቦ ጥንካሬውን ያጣል። ሬይኖልድስ በ1970ዎቹ «753» የተባለውን በሙቀት የጠነከረ ቱቦ ሲያወጣ፣ የሙከራ ብየዳ ልከው ለተፈተኑና ላለፉ ሠሪዎች ብቻ ይሸጥ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ያ ቱቦ የሚያያዘው በዝቅተኛ ሙቀት፣ በብር ቅይጥ ነበር። የዛሬ ጠጋኝም ይህን ልዩነት የማያውቅ ከሆነ ውድ ቴላዮ ሊሰጠው አይገባም።

ሂሳቡ ምን ይላል?

ከነጋዴ አንጻር ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ቱቦ የመቀየር ድካም በስመ ጥሩውም ሆነ በተራው ቴላዮ ላይ ያው ነው። መጋዙ፣ እሳቱ፣ ልኬቱና ቀለሙ የሠሪውን ስም አይተው አይረክሱም።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። ቁጥሮቹ ለስሌት ያህል የተወሰዱ ናቸው እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። ደህናው 100 የሚያወጣ ተራ ቴላዮ ተጎድቶ በ60 ተገዛ እንበል። ቱቦ መቀየሪያና ቀለም 70 ቢፈጅ ጠቅላላ ወጪው 130 ይሆናል። የተጠገነው 85 ቢሸጥ 45 ኪሳራ ነው። አሁን ደግሞ ደህናው 1,000 የሚያወጣ ስመ ጥር ቴላዮ ተጎድቶ በ500 ተገኘ እንበል። ቀለሙና የስም ምልክቱ በጥንቃቄ ተሠርቶ ጥገናው 100 ቢፈጅ ወጪው 600 ነው። በ800 ቢሸጥ 200 ትርፍ ይኖራል። ጠጋኙ አንድ፣ እሳቱ አንድ፤ ውጤቱ ግን የተለያየ ነው።

ሌላም የሚረሳ ወጪ አለ። እሱም የመጀመሪያው ቀለም ነው። ሰብሳቢዎች ፋብሪካው የቀባው ቀለም ቢጫጫርም እንዳለ ቢቆይ ይመርጣሉ፤ ቀለም አንድ ጊዜ ከተገፈፈ አይመለስምና። ስለዚህ ቀለሙ ያልተነካ ብስክሌት ላይ ያለች ትንሽ ስርጉዳት ብዙ ጊዜ ሳትነካ ብትቀር ይሻላል። ስርጉዳቷን ለማጥፋት ሙሉውን መቀባት፣ ትንሿን ጉዳት በትልቅ ጉዳት መለወጥ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ አማራጭም አለ። በአሮጌ የውድድር ብስክሌት ላይ የተገጠሙት ዕቃዎች፣ በተለይ የጣሊያኑ ካምፓኞሎ ሥራዎች፣ ተለይተው ገዢ አላቸው። ቴላዮው ተራ ሆኖ ቱቦው ከተጎዳ፣ ዕቃዎቹን ፈትቶ በተናጠል መሸጥ ከማስጠገን የበለጠ የሚያስገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

የተሸፈነ ጉዳት

እስካሁን የተባለው ሁሉ የሚሠራው ጉዳቱ ሲታወቅ ነው። ገበያውን የሚጎዳው ግን ሳይነገር የሚሸጠው ነው። ስቱኮ ተሞልቶ በአዲስ ቀለም የተሸፈነ ሽብሽባት ለገዢው ደህና ቴላዮ ይመስለዋል፤ ዋጋውንም በደህናው ሂሳብ ይከፍላል።

መከላከያው ብዙ ወጪ የለውም። ማግኔት ቱቦው ላይ ሲጎተት ስቱኮ ባለበት ቦታ ይላላል፤ የመኪና ደላሎችም ይህን መላ ያውቁታል። ክር ደግሞ መስመሩን ይናገራል። ከኋላ ጎማ መያዣው ከአንዱ ወገን ተነስቶ በመሪው ቱቦ ዞሮ ወደ ሌላው ወገን የተወጠረ ክር፣ ከኮርቻው ቱቦ ግራና ቀኝ እኩል ርቀት ሊኖረው ይገባል። ካልሆነ ቴላዮው ተጣሟል። ፎርኬታው ወጥቶ የመሪው ቱቦ ውስጥ ቢታይ አዲስ የናስ ፍሳሽ ወይም የተቃጠለ ቀለም ጥገና መኖሩን ያሳብቃል።

ቁጥርም ምስክር ነው። ለምሳሌ የእንግሊዙ ራሌይ በኢልከስተን ከተማ በነበረው ልዩ ክፍሉ የሠራቸው የውድድር ቴላዮዎች ቁጥራቸው «ኤስ ቢ» በሚሉ ፊደላት ይጀምራል። ሆላንዳዊው ዮፕ ዙቴሜልክ እ.ኤ.አ. በ1980 ቱር ደ ፍራንስን ያሸነፈው በቲ አይ ራሌይ ቡድን ውስጥ ሆኖ ነው። የቡድኑን ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ ቀለም ተራ ራሌይ ላይ መቀባት ለማንም አይከብድም። ስለዚህ ቀለሙን አይቶ ቁጥሩን ሳያነብ የሚከፍል ሰው የገዛው ቀለም ብቻ ሊሆን ይችላል።

በሌላ በኩል ማን እንደጠገነው፣ ምን እንደተቀየረና ሥራው ሲካሄድ የተነሳው ፎቶግራፍ አብሮ የቀረበለት ቴላዮ ብዙ አይረክስም። ገዢው የሚፈራው ጥገናውን ሳይሆን የማያውቀውን ነገር ነው።

ወደ አገር ቤት ሲመጣ

ጉዳዩ ለዚህ አካባቢ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። አስመራ ከጣሊያን ዘመን ጀምሮ የብስክሌት ከተማ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1946ም የመጀመሪያው የኤርትራ ዙር ውድድር ተካሂዷል። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ኦሊምፒክ በብስክሌት ተወዳዳሪዎችን አሰልፋ ነበር። ባሕር ዳርን የመሰሉ ከተሞችም ብስክሌትን ከዕለት ኑሯቸው ጋር አዋህደው ኖረዋል። ካቴና፣ ፎርኬታ፣ ቸርኬ፣ ራጂ የሚሉት የጥገና ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ መሆናቸው የዚያ ታሪክ ምልክት ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለፈ አሮጌ የውድድር ቴላዮ በውርስም ሆነ በግዢ እጁ የገባ ሰው ሊጠነቀቅበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። የተሰበረ ቱቦ ሲያይ በቅርብ ወዳለው የኤሌክትሪክ በያጅ መሮጥ የለበትም። ለዕቃ ማመላለሻ በተሠራ ወፍራም ብስክሌት ላይ የኤሌክትሪክ ብየዳ ለጊዜው ሊያገለግል ይችላል። 0.6 ሚሊ ሜትር ቱቦ ላይ ግን ያው እሳት ብረቱን ይበሳዋል፤ ባይበሳውም ከብየዳው ጎን ያለውን ክፍል ያደርቀውና በሌላ ቀን እዚያው ላይ እንዲሰበር ያደርገዋል። ለሰብሳቢ ሊሸጥ ይችል የነበረ ዕቃ በአንድ ነጥብ ብየዳ ወደ ምናለሽ ተራ የቁርጥራጭ ብረት ሚዛን ይወርዳል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። በመጀመሪያ የኮርቻውን ዘንግ አውጥቶ መለካት፣ ቁጥሩንና የመጋጠሚያውን ምልክት ማንበብ፣ ጉዳቱን በጣት መዳሰስ ያስፈልጋል። ከዚያም ደህናው ስንት እንደሚያወጣ፣ የተጎዳው ስንት እንደሚያወጣና ጥገናው ስንት እንደሚፈጅ በወረቀት ላይ ማስላት ይከተላል። እሳት የሚነደው ከዚያ በኋላ ነው። ስሌቱ ካላዋጣ እንዳለ መሸጥ ወይም እንዳለ ማቆየት ነውር የለውም።

የተጠገነውንም «ተጠግኗል» ብሎ መሸጥ ለጊዜው ዋጋ የሚቀንስ ይመስላል። ቀለም ግን በጊዜ ይነሳል፤ ስቱኮም ይሰነጠቃል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፣ ከቀለሙ ስር ያለው ቱቦ አንድ ቀን መታየቱ አይቀርም። ያን ጊዜ የሚጠየቀው የሻጩ ስም ነው።